እስከ ዛሬ ያቆየሁት ጠብ

ክብርት የቦርድ ሰብሳቢ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፤ እንዲሁም ከኋላ ወንበር ላይ እግራችሁን የሰቀላችሁ የጋራዡ ልጆች፤

ይህን ሽኝት ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። አዳራሹ አምሯል። እስከ ትናንት ድረስ የአሮጌ ጎማ መጋዘን እንደነበር የሚያውቀው አፍንጫ ያለው ሰው ብቻ ነው። ለእኔ ሲባል ጎማው ወጣና እኔ ገባሁ። ነገ እኔ እወጣና ጎማው ይገባል። ሁለታችንም ጥርሳችን ያለቀ ስለሆነ አንቀያየምም።

ስለ እኔ የተባለውንም ሰምቻለሁ። ታታሪ፣ ትሑት፣ ታጋሽ ተባልኩ። ማን ሞቶ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ዞር ብዬ አይቻለሁ። ባለቤቴ "ትሑት" የሚለው ላይ መሐረብ አውጥታ ፊቷን ስትሸፍን አይታችሁ ያለቀሰች መስሏችኋል። አይዟችሁ፣ እየሳቀች ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን ቅድም ጠጋ ብለው ንግግሩን አጠር እንዳደርገው ለምነውኛል። እሺ ብያለሁ። ማን ነው ከምሳ በፊት እሺ የማይል? ግን ባላሳጥርስ ምን ይመጣብኛል? ማስጠንቀቂያ ይጻፍብኛል? ወደ ሌላ ክፍል እዛወራለሁ? ሰው በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ነው እንዲህ የሚፈራው ነገር የሌለው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ብዙዎቻችሁ "ጄኔራሉ" ትሉኛላችሁ። አዲስ የገቡት ልጆች ድሮ ወታደር የነበርኩ ይመስላቸዋል። አንዱማ የተመታሁበትን እንዳሳየው ቢጠይቀኝ ጉልበቴን ገልጬ አሳይቼዋለሁ። ክሪክ የወደቀበት ነው። እሱ ግን በአክብሮት አንገቱን ደፋ። እኔም አላረምኩትም፤ አክብሮት እዚህ ጋራዥ ውስጥ እንደ ፍሬን ሸራ ነው፣ ተፈልጎ አይገኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ። የቻይና አውቶቡሶች የመጡ ጊዜ አውቶቡሶቹ መጡ፣ መመሪያቸው ግን መንገድ ላይ ቀረ። እኛ በግምት እንፈታለን፣ በግምት እንገጥማለን። በገጠምን ቁጥር አንድ ዕቃ ይተርፈን ነበር። የተረፈውን በቆርቆሮ እያጠራቀምን ቻይናዎቹ ለጋስ ናቸው እንባባል ነበር። በኋላ ቆርቆሮው ሲሞላ አንድ ሌላ አውቶቡስ ይወጣዋል ብለን ማሰብ ጀመርን።

ታዲያ አንድ ቀን ከገበያው በር ላይ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው አየሁ። አንዱን ብድግ አደረግሁት። ሽፋኑ የለም፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሉም። ገለጥ ሳደርገው ቻይና ይላል። ገለጥ ሳደርገው ሠረገላ ይላል፣ መንኮራኩር ይላል። ልቤ ዘለለች። ሻጩን የመኪና መጽሐፍ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው እሱም ዓይኑን ሳያሽ፣ "ለመኪና የሚስተካከለው የለም" አለኝ። መመሪያውን አገኘሁ ብዬ በቱታዬ ውስጥ ሸሽጌ እየሮጥኩ መጣሁ።

ፍሪሲዮን ፍለጋ ስገልጥ፣ ኮረብታ ላይ የሰፈረን ጠላት ከታች ሆኖ መግጠም ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ ያትታል። እኔ የዳገት ማርሽ አቀያየር የሚያወራ መሰለኝ። ወንዝ እየተሻገረ ስላለ ሠራዊት ሲያወራ ራዲያተር ላይ ደርሻለሁ ብዬ እርሳስ አወጣሁ። እንዲህ እያልኩ ግማሹን ካነበብኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት የኖረ አንድ የቻይና የጦር አዋቂ ሰው መቼ መዋጋት፣ መቼ መተው እንዳለበት የጻፈው ኖሯል። ስለ ማርሽ አንድም ቃል የለበትም።

ብስጭቴን አትጠይቁኝ። ሻጩን ልደበድበው ተነሳሁ። መንገድ ላይ ሳስበው ግን ሻጩ ከእኔ ይረዝማል፣ ሦስት ወንድሞቹም እዚያው ጫማ ይጠግናሉ። ቆም አልኩ። ተመለስኩ። ያ የቻይና ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠኝ ያን ጊዜ ነው፤ አፍንጫዬም እስከ ዛሬ በቦታው ያለው ስለዚህ ነው።

ከዚያ በፊት እኔ ምን ዓይነት ሰው ነበርኩ? የቀድሞ ሰዎች ታውቁኛላችሁ። ዝንብ ስታልፍ "ምን አልሽ?" የምል ሰው ነበርኩ። የመስኮቱን ጦርነት የምታስታውሱ አላችሁ? የመሣሪያ ክፍሉ መስኮት ይከፈት ወይስ ይዘጋ በሚል ከብየዳ ሠራተኛው ጋር የተጣላሁትን? እሱ ይዘጋ ይላል፣ እኔ ይከፈት እላለሁ። አለቃ ድረስ ሄድኩ፣ ሠራተኛ ማኅበር ድረስ ሄድኩ፣ አየር የሰው ልጅ መብት ነው ብዬ ተናገርኩ። በመጨረሻ አሸነፍኩ። መስኮቱ እንዲከፈት ተወሰነ። በሳምንቱ ብርዱ ገባ። እንግዲህ ሰው በአደባባይ ታግሎ ያስከፈተውን መስኮት እንዴት ብሎ ይዝጋ? ክረምቱን ሙሉ በድል ስንቀጠቀጥ ከረምኩ። ብየዳ ሠራተኛው ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ፣ አየሩ ተስማምቶኝ እንደሆነ ጠዋት ጠዋት በትሕትና ይጠይቀኝ ነበር።

ከመጽሐፉ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። ለምሳሌ የመጋዘን ኃላፊያችንን ውሰዱ። ያው "የለም" የምንለውን። ና ቁም፣ ሰው ይይህ። አይቆምም፤ ቢጠየቅ ቁመትም የለም ይላል። ይህ ሰው ምሽግ ነው። ሁላችሁም በፊት ለፊት ገብታችሁበታል፤ ሁላችሁም ባዶ እጃችሁን ተመልሳችኋል። ፍሬን ሸራ? የለም። ግራሶ? የለም። ብሎን? የለም። አንድ ቀን እንዴት አደርክ ብዬው የለም ብሎኛል።

ምሽግን በግንባር አይገጥሙም። እኔ በጎን ዞርኩ። በመጋዘኑ መስኮት አጠገብ እያለፍኩ፣ እሱ እየሰማኝ፣ ለአንድ ሹፌር እንዲህ አልኩት፦ "አትድከም፤ የእኛ መጋዘን ምንም የለውም። ዕቃ ያለው የታችኛው ጋራዥ ነው። የነሱ መጋዘን ኃላፊ ሰው ነው።" ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። "ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሸራ ነው የፈለግከው?" አለኝ። ሳይዋጉ ማሸነፍ ማለት ይህ ነው፣ ወገኖቼ።

ሁሉንም ቦታ ሠርቶልኛል ማለቴ አይደለም። ቤቴም ሞክሬዋለሁ። አንድ ምሽት ባለቤቴ በሆነ ነገር ስትቆጣኝ፣ እጄን አጣጥፌ፣ ዛሬ ላለመዋጋት መርጫለሁ አልኳት። "ጥሩ፣" አለችኝ፣ "እጅህ ካረፈ ዕቃውን እጠብበት።" ባለቤቴ መጽሐፉን አላነበበችም። እኔ ግን ያ የቻይና ሰው ሚስቱን እያየ የጻፈው ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ክብርት የቦርድ ሰብሳቢ፣ እርስዎ ከዋናው መሥሪያ ቤት ስለሚመጡ አንድ የእኛን ልማድ ላያውቁት ይችላሉ። ጋራዣችን ዳገት ላይ ነው። ማንኛውም አውቶቡስ ከዚህ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ያን ወደ ገበያው የሚወርደውን ቁልቁለት ነው። እዚህ ቤት ፍሬን የነካ መካኒክ አውቶቡሱን ለሹፌሩ አስረክቦ እጁን አይታጠብም። የመጀመሪያውን ጉዞ ራሱ ይሳፈራል፤ ከሹፌሩ ኋላ ባለችው ወንበር፣ ከነቱታው፣ ከተሳፋሪው ጋር። "ያሰረ ይሳፈር" እንላለን። ተጽፎ አያውቅም።

ልማዱን ያመጣው እኔ ስቀጠር የነበረው አለቃችን ነው። ሰው በገዛ መቀመጫው የሚቀመጥበት ሲሆን የብሎን አስተሳሰሩ ይለወጣል ይል ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል የሚባለው? እኔ ራሴ ስንት ጊዜ መፍቻውን አስቀምጬ ወደ በሩ ስራመድ፣ ያቺ ወንበር ትዝ ብላኝ ተመልሻለሁ። ተመልሼ ያቺን አንድ ዳዶ ደግሜ አጥብቄያለሁ። ሃይማኖተኛ ሆኜ መሰላችሁ? ፈርቼ ነው። ጥሩ ሥራ ግማሹ ፍርሃት ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ሰው ላንሳ። የፍሬን ክፍላችንን ባለሙያ፣ "እትዬ ፍሬን" የምንላትን። ያቺውላችሁ፣ ከበሩ አጠገብ፣ እጇን አጣጥፋ። ዘንድሮ ዝናቡ የጀመረ ሰሞን አንድ አውቶቡስ ሠርታ እንደ ልማዷ ተሳፈረች። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ከወለሉ ሥር ቀጭን ፉጨት ሰማች። ሹፌሩ አልሰማም፤ ሬዲዮ ከፍቷል። ተሳፋሪው አልሰማም፤ ተሳፋሪ መቼ ይሰማል? እሷ ግን ያን ድምፅ ታውቀዋለች፤ የፍሬን አየር ሲሾልክ ነው። አቁም አለችው። ቆመ። ቱቦው ከመጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ እሷ ያልነካችው ቱቦ።

ተሳፋሪው ምን አላት? ልጅሽን ይባርክ? እጅሽን ይባርክ? አላላትም። ገበያ ረፈደብን ብለው የስድብ መዓት አወረዱባት። አንዲት እናት ቅርጫታቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው ሲወርዱ፣ "አሁን ይህች መካኒክ ናት?" ብለው ለሰማይ አመለከቱ። ሁሉም እየተራገሙ በእግራቸው ወረዱ። አርፍደው ገበያ ደረሱ። ደረሱ ነው ያልኩት።

ሥራ አስኪያጃችን አምና ሲመጡ ብዙ ነገር ለወጡ። ጎበዝ ናቸው፣ የተማሩ ናቸው፣ ጫማቸው እዚህ ግራሶ ላይ እንኳ እንዴት እንደሚያበራ እስካሁን አልገባኝም። መጀመሪያ የጣት አሻራ መሣሪያ ተከሉ። የመካኒክ ጣት አሻራ! ማሽኑ የሁላችንንም ጣት አንድ ሰው ነው ብሎ መዘገበ። እኔ ዝም አልኩ። የሻይ ሰዓት አሳጠሩ፤ ዝም አልኩ። በሩን ሐምራዊ አስቀቡት፤ እሱንስ ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩት። ልጆቹ ጄኔራሉ ጡረታ ወጣ፣ ጄኔራሉ ነጭ ጨርቅ ሰቀለ ይሉኝ ነበር። ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና ይሠራል።

ለምን ዝም አልክ ለምትሉኝ፦ አዲስ ሹመኛ ኮረብታ ላይ የሰፈረ ሠራዊት ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ከኋላው አለ፣ ፀሐዩ ከጀርባው ነው። በሻይ ሰዓት ጉዳይ ሽቅብ የገጠመው ሰው ፍሬን ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አይኖረውም። እኔም ትንፋሼን ቆጠብኩ።

ከዚያም አንድ ስብሰባ ላይ የምፈራት ነገር መጣች። መካኒኮች እጃቸው በሚፈለግበት ሰዓት ከተማ እየዞሩ ይጎበኛሉ አሉ ሥራ አስኪያጁ። እውነት አላቸው፤ ክብርት ሰብሳቢ፣ ሰውየው ያለ ምክንያት አይደለም የተናገሩት። እትዬ ፍሬን በአውቶቡስ ስትወርድ ሌላ አውቶቡስ የጥገናው ጉድጓድ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። እትዬ ልትናገር ብድግ ስትል እኔ በቱታዋ እጅጌ ስቤ አስቀመጥኳት። ዛሬ አይደለም አልኳት። አንድ አዝራር በእጄ ቀረ።

በማግሥቱ ቢሯቸው ሄድኩ። ስለ ልማዱ አላነሳሁም፤ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኩ፣ ስለ ሐምራዊው በር አሞገስኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሳቸውም ልጆቹ ለምን ጄኔራል እንደሚሉኝ ጠየቁኝ። ስለ መጽሐፉ ነገርኳቸው። ሳቁ። እንዳውሳቸው ለመኑኝ። አዋስኳቸው። ልማዱም ለጊዜው ባለበት ይቆይ አሉኝ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ፤ ሳልዋጋ አሸነፍኩ ብዬ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጎንበስ እያልኩ አወራሁ።

አያችሁ የእኔን ብልጠት? ጠላቴን በገዛ እጄ አስታጠቅሁት።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ መጋዘን ሄጄ አንዲት ቀጭን ቱቦ ጠየቅኩ። የለም አለኝ። ከሰኞ በኋላ የሚመጣ አዲስ ነገር አለ ወይ አልኩት፣ እንዲያው ለወግ። ዙሪያውን አየና፣ "አለ" አለኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ቱቦዬን ረሳሁት። ይህ ሰው አለ ሲል ሰምቼ አላውቅም። የነገረኝም ይህን ነው፤ እኔ ዛሬ እሸኛለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ መሳፈር ቀርቷል። የሚሳፈር ከተገኘ ጎማ ማጠቢያ ይዛወራል። እትዬ ፍሬን ደግሞ ቢቆርጧት ከመሳፈር እንደማትቀር ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሰኞ ማለዳ የዚህ ቤት ምርጥ የፍሬን እጅ የውሃ ጎማ ይዛ ጭቃ ታጥባለች ማለት ነው። ፍሬኑን ማን ያስረዋል? የማይሳፈር ሰው።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይፍቀዱልኝና ላድንቅዎ። ሽማግሌው ከሰፈሩ እስኪወጣ መጠበቅ፣ አበባ ይዞ በር ድረስ መሸኘት፣ በሩ ሲዘጋ መዝመት። የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ገጹን ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ተማሪዬ ነዎት፣ ኮርቻለሁ። መጽሐፌን ግን ይመልሱልኝ።

እትዬ ወሬውን ስትሰማ ወደ እኔ መጣች። አልጮኸችም፤ እሷ አትጮኽም። መፍቻዋን በጨርቅ እየጠረገች፣ "ጋሼ፣ መቼ ነው የምትዋጋው?" አለችኝ።

"ቦታው ሲመች" አልኳት።

"ዓርብ እኮ ትሄዳለህ።"

"ዓርብ ድረስ ታገሺኝ።"

ትንሽ አየችኝና፣ "እኛ ስንታገስ አንተ ጡረታህን ታገስክ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተናገረችኝም። ሰላም ስላት ለመፍቻዋ ነው የምትመልሰው። ልጆቹም ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሻይ የጠጣሁት ብቻዬን ነው። ብየዳ ሠራተኛው ብቻ አንድ ጊዜ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ መስኮቱን ልዝጋልህ ወይ ብሎ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ረቡዕ ቢሯቸው ገብቼ ብጮህ ምን ይሆን ነበር? በሩ ይዘጋል፣ ሁለት ሰዎች እንነጋገራለን፣ አንደኛው በሦስተኛው ቀን ይሄዳል። ጉድጓዱ ዳር ቆሜ ብጮህስ? ይህ ሽማግሌ ሲሄድ አበደ ይባላል። ያ የቻይና ሰው እዚህ ቢሆን የት ቦታ ይመርጥ ነበር? ሁሉም ሰው የተሰበሰበበትን። የቦርድ ሰብሳቢዋ ከፊት የተቀመጡበትን። ማይክራፎኑ በእሱ እጅ ያለበትን። ሰውን በስንብቱ ላይ ማቋረጥ ነውር የሚሆንበትን። የማይባረር፣ የማይዛወር፣ ማስጠንቀቂያ የማይጻፍበት ሰው የሚናገርበትን ቀን። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህችኑ ነው።

ትንፋሼን የቆጠብኩት ለዛሬ ነበር። በሩ ሐምራዊ የሆነው በዚህ ሒሳብ ነው፣ ልጆች።

ታዲያ ልዋጋ ነው? በፍጹም። የተከበበ ሰው መውጫ ቀዳዳ ሊተውለት ይገባል፤ መውጫ ያጣ ድመት እንኳ ዓይን ያወጣል። እኔ ደግሞ ሰውየውን እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ አንድ የምሥራች አለኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራ አስኪያጃችን ይህን ልማድ በጥልቀት አጥንተውታል። እንደ ሰማሁት ከሆነ — ከማን እንደ ሰማሁት አትጠይቁኝ — ከሰኞ ጀምሮ "ያሰረ ይሳፈር" የሚለው ነገር ከአፍ ልማድነት ወጥቶ የጋራዡ የጽሑፍ ደንብ ይሆናል። ጉድጓዱ ላይ የሚቆመው አውቶቡስ ነገርም እውነት ስለሆነ፣ ለፍሬን ክፍሉ አንድ ተጨማሪ ሰው እንዲሰጥ ክብርት ሰብሳቢዋን ዛሬ በምሳ ላይ ይጠይቃሉ። እትዬ ፍሬንም የትም አትሄድም። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው። እኔ የለሁበትም። ለዚህ አርቆ አሳቢነታቸው ሞቅ ያለ ጭብጨባ ይገባቸዋል።

በርቱ። ከኋላ ያላችሁ፣ እግራችሁን አውርዳችሁ አጨብጭቡ። ክብርት ሰብሳቢ፣ እርስዎም ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ፤ ይህ ለእኔ በስጦታ ከሰጣችሁኝ የእጅ ሰዓት ይበልጥብኛል። ሰዓቱንም ግን አልመልስም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ማይክራፎኑን ላምጣልዎት? አያስፈልግም? በትክክል እንዳስተላልፍ ብዬ ነው፤ ተሳስቼ ከሆነ አሁኑኑ ያርሙኝ። ዕድሜዬ ነው፣ መርሳት ጀምሬያለሁ።

"ልክ ነው" ነው ያሉት? ጮክ ይበሉልኝማ። ክቡራትና ክቡራን፣ ልክ ነው ብለዋል። ሰማችሁ? የመጋዘን ኃላፊ፣ ሰማህ? ሰማሁ አለ። ይህ ሰው የለም ሳይል ሲመልስ በዚህ ሳምንት ሁለተኛው ነው፤ ጤናውን እዩልኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከዚህ በኋላ ሁላችንም ምሳ ወዳለበት የምንወርደው በአውቶቡስ ነው። የታዘዘልን "አስሜ" የምንለው ነው፤ ዳገት ላይ የሚያስለው፣ ከቻይና መጀመሪያ የመጣው፣ ስንት ትርፍ ዕቃ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀረንበት። ጠዋት ፍሬኑ ሲጠገን ነበር። ቁልቁለቱንም ታውቁታላችሁ። ከመካከላችሁ አሁን ማን እንዳሰረው፣ ያሰረውም አብሮን ይወርድ እንደሆነ ማወቅ የማይፈልግ አለ? ካለ እጁን ያውጣ።

አንድም እጅ አላየሁም። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የእርስዎ ሁለቱም እጆች ጉልበትዎ ላይ ናቸው። ያሰረችው እትዬ ፍሬን ናት። ከሹፌሩ ኋላ ባለችው ወንበር ትቀመጣለች። ከጎኗ ያለው ቦታ ለእርስዎ ተይዟል። እኔ ከኋላ ነኝ፤ ከእንግዲህ ተሳፋሪ ነኝና ስለ መዘግየቱ እየተራገምኩ እወርዳለሁ።

ምን? እትዬ የሆነ ነገር እያለች ነው። ዝም በሉማ። "ጋሼ፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ ንግግርህ ረዘመ፣ ና ውጣ" ትላለች።

ሳምንቱን ሙሉ ለመፍቻ ብቻ ስታወራ የነበረች ሴት ናት። እሺ እትዬ። መጣሁ። መጀመሪያ ግን ይህችን አዝራርሽን ተቀበዪኝ፤ ከዚያ ስብሰባ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ናት።

በሉ ልመርቃችሁ፣ ተነሱ። ዳገት ላይ ሞተራችሁ አይክዳችሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬናችሁ ይያዝላችሁ። የምትዋጉለት ነገር ጥቂት ይሁን፤ ያ ጥቂቱ ግን አይነጠቃችሁ። ያሸነፋችሁት መስኮት ብርድ አያስገባባችሁ። ሹፌሮች፣ የሚሰማ ጆሮ ይስጣችሁ፣ ሬዲዮውንም ቀንሱት። ተሳፋሪዎቻችሁ እየተራገሙም ቢሆን ይድረሱ። ልጆቻችሁ በእናንተ እጅ በታሰረ ነገር ላይ ሳይፈሩ ይሳፈሩ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ከዚህም በላይ ያድጉ፤ ኮረብታው ይመችዎ፣ ሲወርዱም በደህና ይውረዱ። የመጋዘን ኃላፊያችን፣ ክፉ ነገር ሲጠየቅ የለም የሚባልበት ቤት ይስጥህ።

እኔንም ለባለቤቴ ያቆየኝ። ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ፤ ከእሷ ጋር ደግሞ የሚመች ቦታ እስካሁን አላገኘሁም።

ኑ፣ እንሳፈር።